«ሦስቴ ጻፍኩት፤ ግን ያው ነው»

ጥያቄ፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ለራሴም አጫጭር ጽሑፎች እሞክራለሁ። የጻፍኩትን ሰዎች ሲያነቡት ‹ጥሩ ነው፣ ግን አይስብም› ይሉኛል። ደግሜ እጽፈዋለሁ። ሦስቴ ጽፌ ሳየው ግን ያው ነው፤ የሚቀንሰው የፊደል ስህተቱ ብቻ ነው። ጎበዝ ጸሐፊዎች አንዴ ቁጭ ብለው ይጨርሱታል የሚባለው እውነት ነው? ስከልስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ስንት ጊዜስ ነው የሚከለሰው? የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲሆን ደግሞ ጊዜ የለም። ለናሙና ስለ ሰፈራችን ውሃ የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ ልኬልዎታለሁ። ከተንዛዛ ይቅርታ፤ ሐሙስ ሌሊት ውሃ ስጠብቅ አድሬ፣ እንቅልፍ ሳይወጣልኝ ነው የጻፍኩት። በኛ ግቢ አምስት ቤት በአንድ ቧንቧ ነን፤ ተራ እስኪደርሰን ይነጋል። ታናሽ ወንድሜም ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይደርስበትም።»

የላከችው አንቀጽ ይህ ነው፦

«ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ በጣም አስፈላጊ ከሆኑ ነገሮች መካከል አንዱና ዋነኛው መሆኑ ይታወቃል። በሰፈራችንም የውሃ ችግር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተባባሰ በመምጣቱ ነዋሪዎች ለከፍተኛ እንግልት እየተዳረጉ ሲሆን በተለይም እናቶችና ሕፃናቶች በሌሊት ተነስተው ጀሪካን ይዘው በመሰለፍ ውሃ ለመቅዳት የሚገደዱበት ሁኔታ በመኖሩ ምክንያት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው እያረፈዱ ይገኛሉ። ሮቶ ያላቸው ሰዎች ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ስለሆነም የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ናሙና መላክሽ ደግሞ በጣም ጠቅሞኛል፤ በደፈናው ከመምከር አንድ አንቀጽ መሀል አስቀምጦ መነጋገር ይሻላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። አንቺ ጽሑፉን ሦስቴ አልጻፍሽውም። አንዴ ጽፈሽ ሁለቴ ገልብጠሽዋል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ስትገለብጪ ዓይንሽ ፊደል ላይ ነው። የተገደፈውን ትጨምሪያለሽ፣ የተደገመውን ታወጫለሽ፣ ያላማረሽን ቃል በሌላ ትቀይሪያለሽ። ሐሳቡ ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። ሦስተኛውም ያው የሆነብሽ ለዚህ ነው።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድነው እንዲህ ነው። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ማርቀቅ፣ መከለስ፣ ማረም ብለው ደረጃዎቹን ያስቀምጣሉ። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። መምህሩ ርዕስ ይሰጣል፤ ተማሪው ብጫቂ ወረቀት ላይ ይሞነጭራል፤ ከዚያ «በንጹሁ» ይገለብጣል። ስድሳ ደብተር የተቆለለበት መምህር ደግሞ ጊዜ የሚያገኘው በቀይ እስክርቢቶ ፊደል ለማረም ነው። «ይህን አንቀጽ ወደ ላይ አምጣው፣ ያኛውን ጣለው» ብሎ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለመነጋገር ሰዓቱ አይበቃውም። ትልልቆቹ ፈተናዎችም ባብዛኛው ምርጫ ስለሆኑ ረዘም ያለ ጽሑፍ አርቅቆ፣ አፍርሶ፣ መልሶ መሥራት ማንንም አያስጨንቅም። ስለዚህ ረቂቅ ማለት ቆሻሻው ወረቀት፣ ክለሳ ማለት ማጽዳት መስሎን አደግን።

ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። ናንሲ ሶመርስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 20 የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎችን ከ20 ልምድ ካላቸው ጸሐፊዎች ጋር አወዳድራለች። እያንዳንዳቸው 3 ጽሑፍ ጻፉ፤ እያንዳንዱን ጽሑፍም 2 ጊዜ ከለሱ። ተማሪዎቹ ክለሳ ማለት ቃል መቀየር ነበር የመሰላቸው። ጸሐፊዎቹ ግን ሲከልሱ የሚፈልጉት የሐሳባቸውን ቅርጽ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለጉ የሚያገኙት በክለሳው ውስጥ ነው። ቃል የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያንቺን ሁኔታ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ጥናት አላውቅም።

ጎበዞች አንዴ ቁጭ ብለው ይጨርሱታል ወይ ላልሽው፣ አገራችን ውስጥ ጥሩ መልስ አለ። ቅኔ ቤትን ተመልከቺ። በታወቁት የቅኔ ትምህርት ቦታዎች በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የተማረ ሰው እንደሚነግርሽ፣ ተማሪው ቅኔውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ቆጠራ ይባላል። ከሰው ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይሄ ነገራ ነው። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ያልሆነውን ይመልሳል። ተማሪው እንደገና ይቆጥራል። ባለ 2 ቤት (ባለ 2 ስንኝ) ከሆነው አጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ፣ ረዘም ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው በዚህ ምልልስ ነው። ሕዝቡ የሚያየው ግን መጨረሻውን ነው፤ ባለቅኔው በበዓል ቀን ማኅሌት ላይ ቆሞ ቅኔ ሲዘርፍ። ያ ሰው አንዴ ተነስቶ የተናገረው ይመስላል። ከኋላው ስንት ቆጠራና ስንት ነገራ እንዳለ ግን አይታይም። የታተመ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። አንቺ የምታነቢው የመጨረሻውን ቅጂ ነው፤ የምታወዳድሪው ግን ከራስሽ የመጀመሪያ ረቂቅ ጋር ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም አያሸንፍም።

እንግዲህ ሥራው ሦስት ነው፤ ማርቀቅ፣ መከለስ፣ ማረም። ሦስቱን አንድ ላይ መሞከር ነው ሰውን የሚያደክመው። ሐሳብ እያወጣሽ «ሥራ» በየትኛው ሰ ነው ብለሽ ስትቆሚ ሐሳቡ ይሸሻል።

ማርቀቅ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ ረቂቅ የሚጻፈው ለራስሽ ነው። መግቢያ አያስፈልገውም። ቀኑን ካላስታወስሽ «እዚህ ጋ ቀን ይገባል» ብለሽ እለፊ። ቃል ከጠፋብሽ እንግሊዝኛውን ወርውረሽበት ቀጥይ፤ በኋላ ይስተካከላል። ብዕር ስትይዢ ዜና አንባቢ ዜና አንባቢ የሚያደርግሽ ከሆነ ደግሞ አትጻፊው፣ ተናገሪው። ስልክሽን አንስተሽ ለቅርብ ጓደኛሽ እንደምታወሪ አድርገሽ ቮይስ ቅጂ። ከዚያ እያዳመጥሽ ጻፊው። በአፋችን ስናወራ ዓረፍተ ነገራችን አጭር ነው፣ ሰው አለበት፣ ቀን አለበት። ወረቀት ላይ ስንወርድ ነው «እንግልት» እና «ተዳረጉ» የሚመጡት።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ራሱ ደብዳቤሽ ነው። ልብ ብለሽው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ደብዳቤሽ ከአንቀጽሽ በጣም ይበልጣል። «ሐሙስ ሌሊት ውሃ ስጠብቅ አድሬ» ብለሽ ይቅርታ ልትጠይቂ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰፈርሽ ታየኝ። አምስት ቤት በአንድ ቧንቧ መሆናችሁ፣ ተራ እስኪደርስ መንጋቱ፣ ወንድምሽ ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያመልጠው መሆኑ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። አንቀጹ ውስጥ ግን አንዱም የለም። ደብዳቤውን ስትጽፊ ለሰው እያወራሽ ስለነበር ነው። አንቀጹን ስትጽፊ «ጽሑፍ» እየጻፍሽ ነበር።

አሁን ወደ ክለሳው እንግባ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ሲጀመር ጽሑፉን ተዪው። ቢቻል አንድ ሌሊት ይደርበት፤ ካልተቻለ ምሳ በልተሽ ተመለሽ። ስትመለሺ እስክርቢቶ ሳትይዢ አንብቢው። እስክርቢቶ ከያዝሽ እጅሽ ፊደል ማረም ይጀምራል። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ገልብጪና አንድ ጥያቄ መልሺ፤ ይሄ ጽሑፍ ስለ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለቤተሰብሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ።

ያንቺን አንቀጽ እንፈትነው። አራት ዓረፍተ ነገር አለው፤ አራቱም ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ስለ ውሃ በጥቅሉ ነው። ሁለተኛው ስለ እንግልት ነው። ሦስተኛው ስለ ሮቶ ነው። አራተኛው ስለሚመለከተው አካል ነው። የትኛው ነው ያንቺ ጉዳይ? እኔ ሳነበው ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ሦስተኛው ነው። «ሮቶ ያላቸው ሰዎች ግን ይህ ችግር የለባቸውም።» አጭር ነው፣ ቁጣ አለው፣ እውነት ነው። ውሃው ለሁሉም በአንድ ሌሊት ይመጣል። አንዱ ተኝቶ ያድራል፣ ሌላው ተሰልፎ ያድራል። ልዩነቱ ጣራ ላይ ያለው በርሜል ነው። ይህን ሐሳብ አግኝተሽው ነበር፤ ግን በአንድ ትልቅ ዓረፍተ ነገርና በመደምደሚያው መካከል ደብቀሽ አልፈሽዋል።

ረቂቅ ላይ ይሄ ሁልጊዜ ይከሰታል። ጸሐፊው የራሱን ሐሳብ የሚደርስበት ወደ መጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም እየጻፈ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ስትከልሺ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ሲሶ በጥንቃቄ አንብቢ። መጀመር የነበረብሽ ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ውሃ ለሰው ልጅ አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ አንቺም ራስሽ «ይታወቃል» ብለሻል። ከታወቀ ለምን ይጻፋል? ይህን ዓይነት መግቢያ ያስተማሩን መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እያሉ ነው። ቅርጹ በራሱ መጥፎ አይደለም። ችግሩ መግቢያ ማለት ከዓለም ፍጥረት መጀመር ተደርጎ መወሰዱ ነው። እኔ እጄ የገባ የተማሪ ጽሑፍ ሁሉ ላይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በጣቴ ሸፍኜ ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልም።

ቀጥለሽ ሰዎቹን ፈልጊ። «ነዋሪዎች»፣ «እናቶችና ሕፃናቶች»፣ «ተማሪዎች» ብለሻል። አንቺስ? ሐሙስ ሌሊት ጀሪካን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ወንድምሽም «ተማሪዎች» ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። እኛ ጋ ጸሐፊ ራሱን ሲደብቅ ቁም ነገረኛ የሆነ ይመስለዋል። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስኬዳል። ለእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ግን ያየሽውን ስትናገሪ ነው የምትታመኚው። የሰፈሩን እናቶች ሁሉ አላየሽም፤ የግቢሽን አምስት ቤት ግን ታውቂያለሽ።

ከዚያ «የሚመለከተው አካል» አለ። ይህ ሐረግ ብዙ ጽሑፍ ገድሏል። ማን ነው? ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጊው? «ትኩረት» ምን ማለት ነው? ፈረቃው ከሌሊት ወደ ማታ እንዲዞር ነው? ለግቢው የጋራ ሮቶ እንዲገባ ነው? ሁለተኛ ቧንቧ እንዲዘረጋ ነው? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። መልሱ ያንቺ ነው፤ ግን ሳትወስኚ ከጻፍሽ አንባቢውም የሚይዘው ነገር የለም። ክለሳ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐሳብሽን ራስሽ እንድትጨርሺው ያስገድድሻል።

እንግዲህ ካንቺው ደብዳቤ ቃል እየወሰድኩ አንድ መልክ ልሞክር። የመጨረሻውን ጥያቄ «ማታ ይሁን» ብለሽ የመለስሽ አድርጌ ነው፦

«በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው። ሮቶ ያለው ቤት ተኝቶ ያድራል፤ ሮቶው ራሱ ይሞላል። ሮቶ የሌለን ጀሪካናችንን ይዘን እንወጣለን። በኛ ግቢ አምስት ቤት በአንድ ቧንቧ ነን፤ ተራ እስኪደርሰን ይነጋል። ታናሽ ወንድሜ ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይደርስበትም። ውሃው ከሌሊት ይልቅ ማታ ቢለቀቅ፣ መጠኑ ሳይጨመር፣ ልጆች እንቅልፋቸውን ይተኛሉ።»

እዚህ ውስጥ አንድም ያማረ ቃል የለም። «እንግልት» የሚለው ቃል ወጥቷል፤ እንግልቱ ግን አሁን ይታያል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ከነቃላቸው ያንቺው ናቸው፤ የቀረውም ባብዛኛው ካንቺው ሐሳብ የወጣ ነው። እኔ ያደረግኩት ምን እንደሚቀድም መምረጥና የቀረውን መጣል ነው።

ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ደግሞ ለብቻው እናውራ፤ ይሄ የአማርኛችን ትልቅ በሽታ ነው። 32 ቃል አለው። በውስጡ እየተባባሰ፣ በመምጣቱ፣ እየተዳረጉ፣ ሲሆን፣ ተነስተው፣ ይዘው፣ በመሰለፍ፣ ለመቅዳት፣ የሚገደዱበት፣ በመኖሩ፣ እያረፈዱ፣ ይገኛሉ የሚሉ 12 የግስ መልኮች ተሰልፈዋል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው «ይገኛሉ» እስኪደርስ ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል። ሸክሙ ሲበዛ መሀል ላይ ይጥለዋል። «አይስብም» የሚሉሽ ይሄን ነው።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። «ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቡና አፍልታ፣ ልጆቿን ሸኝታ ወጣች» ብትዪ ማንም አይደናቀፍም። ለምን? ባለቤቷ አንድ ናት፤ ድርጊቱም በተከናወነበት ቅደም ተከተል ይሄዳል። ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «ተነስታ» እና «ታጥባ» ያለው ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ፣ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሲያምርም በጣም ያምራል። የሚሰበረው ባለቤቱ ሲቀያየር ነው። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ መጀመሪያ ችግሩ ነው፤ ከዚያ ነዋሪዎች፣ ከዚያ እናቶችና ሕፃናት፣ ከዚያ ሁኔታ፣ መጨረሻ ላይ ተማሪዎች። አምስት ባለቤት በአንድ ማሰሪያ። ስትከልሺ ይሄን ፈልጊ፤ ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር አራት ነጥብ ለማስገባት ሞክሪ። «ሲሆን» የሚለው ቃል ላይ በተለይ ቁሚ። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ሁለት የማይገናኙ ዓረፍተ ነገሮችን አጣብቆ የሚይዘው ባብዛኛው እሱ ነው። አውጥተሽው አራት ነጥብ ብታደርጊ አሥር ጊዜ ዘጠኙን ምንም አይጎድልም።

ከአንድ አንቀጽ በላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ዘዴ ጨምሪ። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ከያንዳንዱ አንቀጽ ጎን በአምስት ስድስት ቃል ምን እንደሚል ጻፊ። አንቀጹን ሳይሆን ዝርዝሩን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ሁለት አንቀጽ አንድ ነገር የሚል ከሆነ አንዱ ይውጣ። በአምስት ቃል መግለጽ ያቃተሽ አንቀጽ ካለ ውስጡ ሁለት አንቀጽ ተቀላቅሏል ማለት ነው። አምስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ መምጣት የነበረበት ከሆነም በዝርዝሩ ላይ ወዲያው ይታያል፤ በጽሑፉ ላይ ግን በቀላሉ አይታይም። የቆረጥሽውን አታጥፊው። ሌላ ፋይል ከፍተሽ እዚያ አስቀምጪው። መቁረጥ የማይከብደው እንዳልጠፋ ስታውቂ ነው።

ይህን ስታደርጊ እንደገና ማርቀቅ ሊያስፈልግሽ ይችላል። አትደንግጪ። በ1981 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ በማድረግ ባካሄዱት ጥናት ላይ ተመሥርተው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ማቀድ፣ መጻፍና መከለስ በተራ የሚሄዱ ደረጃዎች አይደሉም። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል። ተመልሰሽ መጀመርሽ ወደ ኋላ መቅረት አይደለም፤ ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው።

ሌላ ሰው ሲያነብልሽ «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። ይሉኝታ አለ፤ «አሪፍ ነው» ይልሻል። «ጥሩ ነው ግን አይስብም» ያለሽ ሰው እንኳን ደፋር ነው፤ ግን የት ላይ እንዳልሳበው አልነገረሽም። የሚመለስ ጥያቄ ስጪው። የት ጋ ደግመህ አነበብክ? የት ጋ ስልክህን አየህ? ከጨረስክ በኋላ ምን ትዝ አለህ? እርሳስ ሰጥተሽ የቆመበት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ እንዲያደርግ ንገሪው፤ ምክንያቱን አትጠይቂው። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሰረዝ ካደረገ ችግሩ እዚያ ነው። መፍትሔያቸውን ግን የግድ አትቀበዪ። አንባቢ የት እንዳመመው ያውቃል፤ መድኃኒቱን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ።

አሁን እርማት። ይህ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክለሳ ራሱ አዲስ ስህተት ይወልዳል። «ነዋሪዎች» የነበረውን «እኛ» ስታደርጊ ግሱ «ይወጣሉ» እንዳለ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩን ስታገላብጪ «ን» ትረሳለች፤ «ጀሪካኑን ሞላሁ» የነበረው «ጀሪካኑ ሞላሁ» ይሆናል። ቀድመሽ ብታርሚ ሁለቴ ነው የምትሠሪው፤ የምትቆርጪውንም አንቀጽ በከንቱ ታስውቢያለሽ።

ባንቺ አንቀጽ ላይ የሚታረመው ይህ ነበር። «ሕፃናቶች» ሁለቴ በዝቷል፤ ሕፃናት ወይም ሕፃኖች ይበቃል። መምህራኖችም እንዲሁ። «እጅግ በጣም» አንዱ ይበቃል። «አንዱና ዋነኛው» ውስጥ ዋነኛ ከሆነ አንዱ ማለት አያስፈልግም። «በመኖሩ ምክንያት» ላይ «በ» ራሷ ምክንያት ናት። «እያረፈዱ ይገኛሉ» ማለት «ያረፍዳሉ» ማለት ነው። «የሚገደዱበት ሁኔታ በመኖሩ» ማለት «ስለሚገደዱ» ማለት ነው። «ሁኔታ» የሚለውን ቃል ባየሽ ቁጥር ያለሱ ሞክሪው።

ፊደል ላይ ብዙ ሰው ይጣላል፤ እኔ ቀላል ምክር ነው ያለኝ። «ሥራ» ካልሽ እስከ መጨረሻው «ሥራ» በይ፤ ገጽ ተሻግሮ «ስራ» አይሁን። በተለይ የሰውና የቦታ ስም በሁለት መልክ አይጻፍ። እንደ ሠረቀ እና ሰረቀ ፊደሉ ትርጉም የሚለይበት ቦታ ላይ ግን መዝገበ ቃላት ክፈቺ። ኮምፒውተር ላይ ያለ የአማርኛ ማረሚያ ላይ ብዙ አትደገፊ። አንድ ግስ ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለበት በመቶ የሚቆጠር መልክ ስለሚይዝ፣ ትክክለኛውን እንደ ስህተት ያሰምርበታል፣ ስህተቱን ያልፋል። የሚጠቅምሽ የመፈለጊያው ሳጥን ነው። «ሲሆን» ብለሽ ፈልጊ፣ «ሁኔታ» ብለሽ ፈልጊ፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምሽ ራሱ ይነግርሻል።

ጮክ ብለሽ አንብቢ የሚባለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ለአማርኛ ግማሽ መንገድ ነው። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ያ ልጅ ይመታል» ብትጽፊ፣ ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ ከፊደሉ አይታወቅም። አንቺ ስታነቢው ሐሳቡን ስለምታውቂ በትክክል ታነቢዋለሽ፤ ችግሩ አይታይሽም። ስለዚህ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልሽና አንቺ አዳምጪ። ወንድምሽ ይበቃል። አጥብቆ ማንበብ የነበረበትን አላልቶ አንብቦ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ቦታ ምልክት አድርጊ። እዚያ ላይ ቃል መጨመር ወይም ዓረፍተ ነገሩን ማዞር ያስፈልጋል።

ስንት ጊዜ ይከለሳል ላልሽው ቁጥር የለኝም። ምልክት ግን አለ። ሐሳብ መንቀሳቀሱን ከተወ፣ አንቀጽ ቦታ መቀየሩን ካቆመ፣ አንቺም ነጠላ ሰረዝ አውጥተሽ መልሰሽ ማስገባት ከጀመርሽ ክለሳው አልቋል፤ ላኪው። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርሃት ነው፤ ጽሑፉን አያሻሽለውም።

የቀረው የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ካለሽ ሃያ አምስት ደቂቃ አርቅቂ። ተነስተሽ ውሃ ጠጪ፣ ከሰው ጋር አውሪ። ሃያ ደቂቃ ከልሺ። የቀረውን ለእርማት ተዪ። ክለሳው ላይ ከሁሉ በፊት የምታደርጊው ውጤቱን ወደ ላይ ማምጣት ነው። ሪፖርቶቻችን በተቋሙ ዓላማና ተልዕኮ ተጀምረው አለቃው የሚፈልገው ቁጥር ገጽ 4 ላይ ይቀበራል። ቅጹን መቀየር ካልተፈቀደልሽም የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚቀድም የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን አቅደን ይህን ሠራን፣ ይህኛው በዚህ ምክንያት ቀረ» የሚለው ይቅደም። ሰዓቱ ካጠረሽ ከእርማቱ ቀንሺ እንጂ ከክለሳው አትቀንሺ። አንድ የተገደፈ ፊደል አለቃሽ ያልፈዋል፤ ምን እንደተሠራ ካልገባው ግን ደውሎ ይጠራሻል። ቁጥርና የሰው ስም ብቻ፣ ምንም ያህል ብትቸኩዪ፣ ከዋናው ሰነድ ጋር ሳታመሳክሪ አትላኪ።